ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ፦ ሰው የራሱን መንገድ እንዲያገኝ የረዳ መምህር

በየዓመቱ ሐምሌ 24 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወቀው የኢየሱስ ማኅበር መሥራች በመሆኑ ነው። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ትምህርት ቤቶቹና ወደ ሩቅ አገሮች ስለ ተላኩት ካህናት ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረውንና ለዚያ ሁሉ ምንጭ የሆነውን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ሌላውን ሳይገፋና ሳይጎትት፣ መልሱንም ሳያጎርሰው፣ እግዚአብሔር በገዛ ልቡ የሚያሳየውን እንዲያስተውል እንዴት ሊረዳው እንደሚችል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዘመናችን በትልልቅ ከተሞች ላይፍ ኮቺንግ የሚባል ሙያ ተስፋፍቷል። ስሙ የመጣው ከስፖርት ሜዳ አሠልጣኞች ነው። በሥራው፣ በትዳሩ ወይም በሕይወቱ ዓላማ ግራ የተጋባ ሰው ወደዚህ ባለሙያ ሲሄድ ባለሙያው ምክር ከመደርደር ይልቅ ይጠይቀዋል፣ በጥሞና ያዳምጠዋል፣ ባለጉዳዩም ራሱ ካወጣው ሐሳብ መካከል የሚበጀውን ለይቶ እንዲይዝ ያግዘዋል። አንዳንዶች ይህን እንደ አዲስ ግኝት ያቀርቡታል። ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት አንድ አንካሳ የባስክ ተወላጅ በትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚሁ አካሄድ ጽፎ ነበር። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ ያኛው ሰው የራሱን ፍላጎት አጥርቶ እንዲያውቅ ሲረዳ፣ ኢግናጥዮስ ግን ሰው በፍላጎቱ መካከል የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዲያገኝ ይረዳ ነበር።

ኢግናጥዮስ፣ በልጅነት ስሙ ኢኚጎ፣ በ1491 በሰሜን ስፔን በባስክ ምድር፣ አዝፔይቲያ በምትባል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሎዮላ ግንብ ተወለደ። ከአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። በወጣትነቱ በአሬቫሎ ከተማ በንጉሡ ገንዘብ ያዥ ቤት አድጎ የቤተ መንግሥት ሥርዓትን፣ ሰይፍ መምዘዝንና መልካም የእጅ ጽሕፈትን ተማረ። በኋላም የናቫራ አገረ ገዥ የነበረው የናኼራ መስፍን ባለሟል ሆነ። ክብርንና ዝናን ወዳድ፣ ለጠብ የማይሰንፍ፣ ልብሱንና መልኩን የሚያሳምር ጐልማሳ ነበር።

ግንቦት 20 ቀን 1521 የፈረንሳይ ጦር የፓምፕሎናን ምሽግ ሲደበድብ የመድፍ ጥይት በእግሮቹ መካከል አልፎ ቀኝ እግሩን ሰበረው፣ ግራውንም አቆሰለው። ድል አድራጊዎቹ ፈረንሳውያን በደግነት ካከሙት በኋላ በቃሬዛ ወደ ሎዮላ ወሰዱት። በዚያም አጥንቱ ያለ ቦታው ስለ ገጠመ ሐኪሞች እንደ ገና ሰብረው አስተካከሉት። እግሩ ሲድን ከጉልበቱ በታች አንድ አጥንት ጐልቶ ስለ ቀረና የወቅቱን ጠባብ ቦት ጫማ እንዳያደርግ ስለ ከለከለው፣ ለመልኩ ሲል ብቻ አጥንቱ በመጋዝ እንዲቆረጥ አዘዘ። በዚያ ዘመን ማደንዘዣ አልነበረም። ፈቃዱ ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበረና ያ ፈቃድ በምን ከንቱ ነገር ላይ ይውል እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

በአልጋ ላይ በቆየበት ጊዜ የጀግኖችን የፍቅርና የጦር ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት እንዲመጡለት ጠየቀ። በቤቱ የተገኙት ግን ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ሉዶልፍ ዘሳክሶንያ የጻፈው የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ናቸው። ሌላ ስላጣ እነዚህን አነበበ። ማንበቡን ሲያቆም ሐሳቡ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄድ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ለአንዲት ታላቅ እመቤት የሚፈጽመውን ጀብዱ፣ የሚነግራትን ቃልና የሚጓዝበትን መንገድ እያሰበ ሦስትና አራት ሰዓት ሳይታወቀው ያልፍ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ወይም ቅዱስ ዶሚኒኮስ ያደረገውን እርሱም ቢያደርገው ምን እንደሚሆን ያስብ ነበር።

ሁለቱም ሐሳቦች በሚያስባቸው ሰዓት ደስ ያሰኙት ነበር። ልዩነቱ የታየው በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሲያልፍ ልቡ ደርቆና ተሰላችቶ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሲያልፍ ግን ደስታው አብሮት ይቆያል። ይህን ለብዙ ቀናት ሳያስተውል ኖረ። አንድ ቀን ግን ዓይኑ ተከፈተና በልዩነቱ ይገረም ጀመር። ማንም አላስተማረውም፤ በአጠገቡ መንፈሳዊ መሪ አልነበረም። ኋላ መንፈሳትን ስለ መለየት የጻፋቸው ደንቦች ሁሉ ሥራቸው በዚህ የሕመም አልጋ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማስተዋል በአንድ ቀን አይበስልም። በ1522 መጀመሪያ ከቤቱ ወጥቶ በበቅሎ ወደ ሞንሰራት ሲጓዝ ከአንድ ሙስሊም መንገደኛ ጋር ስለ እመቤታችን ድንግልና ተከራከረ። ሰውየው ቀድሞት ከሄደ በኋላ ኢግናጥዮስ የእመቤታችንን ክብር አላስጠበቅሁም ብሎ ተቈጣና ሰውየውን ተከትሎ በጩቤ ሊወጋው አሰበ። ልወጋው ወይስ ልተወው በማለት ብዙ ካሰበ በኋላ መወሰን ስላቃተው፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ የበቅሎይቱን ልጓም ለቀቀ፤ እርስዋ ወደ መረጠችው ይሄዳል። በቅሎይቱም ሰውየው ወደ ገባበት መንደር የሚወስደውን ሰፊና ቅርብ መንገድ ትታ ዋናውን ጎዳና ያዘች። ኢግናጥዮስ ይህን ታሪክ በእርጅናው ሲተርክ አልደበቀውም። በዚያን ጊዜ ነፍሱ ገና ዕውር እንደ ነበረች፣ ትሕትና፣ ትዕግሥትና አስተዋይነት ምን እንደ ሆኑ እንዳላወቀች ለማሳየት ነው የተናገረው።

በሞንሰራት ገዳም ሦስት ቀን የፈጀ የሕይወቱን ኑዛዜ አደረገ። መጋቢት 24 ቀን ማታ መልካም ልብሱን ለአንድ ድሃ ሰጥቶ ማቅ ለበሰና ሌሊቱን በእመቤታችን ሥዕል ፊት በጸሎት አደረ። በማግስቱ ግን አንድ ሰው ደርሶበት ልብሱን ለድሃው በእርግጥ ሰጥቶት እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ድሃው ሰርቀሃል ተብሎ ተይዞ ነበርና። ኢግናጥዮስ ለዚያ ሰው አዝኖ አለቀሰ። የሚረዱትን ሰው ሁኔታ ሳያገናዝቡ የሚደረግ መልካም ሥራ በዚያ ሰው ላይ ሸክም ሊሆን እንደሚችል እነሆ አየ።

ከሞንሰራት ወርዶ በማንሬሳ ከተማ አሥራ አንድ ወር ያህል ተቀመጠ። በቀን ሰባት ሰዓት ይጸልይ፣ ምጽዋት ለምኖ ይበላ፣ ጠጉሩንና ጥፍሩን ሳይቆርጥ ይኖር ነበር። መጀመሪያ ላይ ልቡ ሰላም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ግን የኅሊና ጭንቀት ያዘው። የተናዘዘው ኃጢአት በሙሉ የተናዘዘ አልመስል ብሎት ደጋግሞ ይናዘዛል፣ ዕረፍት ግን አያገኝም። መንፈሳዊ የተባሉ ሰዎችን ጠየቀ፤ የሚያሳርፍ መልስ አላገኘም። የነፍስ አባቱ ግልጽ ካልሆነ በስተቀር ያለፈውን እንዳይናዘዝ አዘዘው፤ እርሱ ግን ሁሉም ግልጽ ሆኖ ይታየው ስለ ነበር ትእዛዙ አልጠቀመውም። ጭንቀቱ እየበረታ ሄዶ፣ በሚኖርበት ክፍል በነበረው ጉድጓድ ራሱን ጥሎ ለመሞት እስከ መፈተን ደረሰ። ከእሑድ እስከ እሑድ እህል ሳይቀምስ ጾመ። የነፍስ አባቱ ጾሙን እንዲያቆም አዘዘው፣ ታዘዘም። ሁለት ቀን ዕረፍት አገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ጭንቀቱ ተመለሰበት።

ነጻ የወጣው ያ የሚያስጨንቀው መንፈስ በምን በኩል እንደ ገባና ወዴት ሊወስደው እንደ ነበር ራሱ መርምሮ ባስተዋለ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈውን ኃጢአት ደግሞ ላለመናዘዝ ቁርጥ ውሳኔ አደረገ። የነፍስ አባቱ ትእዛዝ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን እውነቱ ከውጭ ብቻ ሲነገረው አልዳነም፣ ከውስጥ ሲያየው ዳነ። እግዚአብሔር በዚያ ጊዜ እንደ ትምህርት ቤት መምህር ሕፃኑን እንደሚያስተምር አስተምሮኛል ብሎ ያምን ነበር። አንድ ቀንም በካርዶኔር ወንዝ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ የአእምሮው ዓይን ተከፈተ፤ ራእይ ሳያይ ብዙ የእምነትና የዕውቀት ነገሮችን ተረዳ፤ ከዚያም በኋላ ሌላ ሰው የሆነ ያህል ተሰማው። የመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ ማስታወሻ መጻፍ የጀመረውም በማንሬሳ ነው።

በ1523 ኢየሩሳሌምን ተሳለመ። በዚያ ለመቅረት ቢፈልግም ቅዱሳን ቦታዎችን የሚጠብቁት ፍራንቸስካውያን አልፈቀዱለትምና ተመለሰ። ሰዎችን ለመርዳት መማር እንደሚያስፈልገው ስለ ተረዳ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ በባርሴሎና ከትናንሽ ልጆች ጋር ተቀምጦ ላቲን ቋንቋ ተማረ። በአልካላ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለሰዎች ልምምዱን በመስጠቱ ተከሶ አርባ ሁለት ቀን ታሰረ፤ በሳላማንካም ሃያ ሁለት ቀን በሰንሰለት ታሰረ። ስሕተት አልተገኘበትም፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይጨርስ ታላቁንና ቀላሉን ኃጢአት ለይቶ እንዳያስተምር ተከለከለ። በ1528 ወደ ፓሪስ የሄደው ከዚህ የተነሣ ነው።

በፓሪስ ቅድስት ባርባራ ኮሌጅ ከሁለት ወጣቶች ጋር በአንድ ክፍል ኖረ። አንደኛው ከሳቮያ ተራሮች የመጣ የቀድሞ እረኛ፣ ጴጥሮስ ፋቭር ነው። ፋቭር የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና ለኢግናጥዮስ ያስጠናው ነበር፤ ኢግናጥዮስም በመንፈሳዊው ነገር ይረዳው ጀመር። ፋቭር ልበ ቀና ግን ፈሪና ተጨናቂ ነበር። ላግባ፣ ሐኪም ልሁን፣ ጠበቃ ልሁን፣ መምህር ልሁን ወይስ መነኵሴ እያለ ያወላውል ነበር። ያንን ጭንቀት ኢግናጥዮስ በማንሬሳ ቀምሶታል፤ መልሱን አውጥቶ ሊሰጠው ይችል ነበር። አላደረገም። የሕይወቱን ኑዛዜ እንዲያደርግ፣ በየሳምንቱ እንዲቆርብ፣ በየዕለቱም ኅሊናውን እንዲመረምር አስለመደው፤ ሙሉውን ልምምድ ግን አራት ዓመት ያህል አቆየበት። በመጨረሻ በ1534 ክረምት ፋቭር ለብቻው ተለይቶ ሱባኤ ገባ። በብርቱ ብርድ ያለ እሳትና ያለ ምግብ ስድስት ቀን እንደ ቆየ ኢግናጥዮስ ሊጎበኘው በመጣ ጊዜ አወቀ፤ እሳት እንዲያነድና እንዲበላም ነገረው። በዚያው ዓመት ፋቭር ቅስና ተቀበለ። ኋላ ኢግናጥዮስ ልምምዱን ለሌሎች በመስጠት ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ፋቭር መሆኑን ይመሰክር ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 ቅድስናውን አውጀውለታል።

ሁለተኛው ፍራንቸስኮስ ሳቬሪዮስ ነው። የናቫራ መኳንንት ልጅ ሲሆን፣ ወንድሞቹ ኢግናጥዮስ በቆሰለበት በፓምፕሎና ጦርነት በተቃራኒው ወገን ተሰልፈው ነበር። ሳቬሪዮስ በትምህርቱ የተሳካለት፣ በፓምፕሎና ካቴድራል ሹመት የሚመኝ፣ አንካሳውን ሽማግሌ ተማሪም የማይወድ ወጣት ነበር። ኢግናጥዮስ አልነዘነዘውም። ሳቬሪዮስ ፍልስፍና ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎችን አመጣለት፤ ገንዘብ ሲያጥረው ረዳው፤ ጠበቀውም። ሳቬሪዮስ ልቡ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሙሉውን ልምምድ ያደረገውም ነሐሴ 15 ቀን 1534 ሰባቱ ወዳጆች በሞንማርትር ኮረብታ ብፅዓት ካደረጉ በኋላ ነበር። ይህ ሰው ኋላ ሕንድንና ጃፓንን የዞረው ታላቁ ሐዋርያ መሆኑን ስናስታውስ፣ የእነዚያ ዓመታት ትዕግሥት ምን እንደ ወለደ እንረዳለን።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ የኢየሱስ ማኅበርን በ1540፣ የመንፈሳዊ ልምምዶችን መጽሐፍ ደግሞ በ1548 አጸደቁ። መጽሐፉን እንደ ሌላ መንፈሳዊ ንባብ ለማንበብ የሚከፍት ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ደረቅ ነው፤ አጫጭር ማስታወሻዎችና መመሪያዎች የተሞላ ነው። ምክንያቱም በዋናነት የተጻፈው ልምምዱን ለሚሰጠው ሰው ነው። ሠላሳ ቀን ያህል በሚፈጀው ሱባኤ ውስጥ ልምምዱን የሚሰጠው ሰው የወንጌሉን ታሪክ በአጭሩና በታማኝነት ብቻ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ሱባኤ የገባው ሰው ራሱ አሰላስሎ ያገኘው ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሌላው በሰፊው ካብራራለት ይልቅ ይጣፍጠዋልና ፍሬም ያፈራለታል። ነፍስን የሚያጠግባት ብዙ ማወቅ ሳይሆን ነገሩን ከውስጥ መቅመስ እንደ ሆነ ኢግናጥዮስ ያምን ነበር።

ከዚህም አልፎ፣ ሱባኤ የገባው ሰው የሕይወት ምርጫ በሚያደርግበት ጊዜ መሪው ወደ ምንኵስናም ሆነ ወደ ሌላ ኑሮ እንዳይገፋው፣ እንደ ሚዛን ምላስ በመካከል እንዲቆም፣ ፈጣሪ ከፍጡሩ ጋር ያለ ደላላ እንዲነጋገር እንዲተው ይመክራል። የሰውየውን ኃጢአትና ምሥጢር ለማወቅ እንዳይመረምር፣ ነገር ግን በልቡ የሚፈራረቁትን መጽናናትና ድርቀት እንዲከታተል ያሳስባል። የተጨነቀውን በርኅራኄ ይያዘው፤ በስሜት ግለት ቸኩሎ ብፅዓት ሊገባ የሚፈልገውን ያዘግየው፤ በሐዘንና በድርቀት ጊዜ ቀድሞ የተወሰነ ነገር አይለወጥ። ዕድሜን፣ ትምህርትንና አቅምን አይቶ ልምምዱን እንዲያስተካክል፣ በሥራ ለተያዘ ሰውም በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እየሰጠ እንዲያስኬደው መንገድ ከፍቷል።

ልብ እንበል፤ ምንኵስናን ከልቡ የሚያከብር፣ ለማኅበሩም ሰው የሚፈልግ መሪ ነው ይህን የጻፈው። አንድ ወጣት ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት እንዲገባ ስንገፋ፣ አንዲት ልጅ ያላሰበችውን ትዳር እንድትቀበል ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ወይም የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ስናስቀድምበት፣ ይህ ምክር ለሩቅ ዘመን ሰዎች ብቻ የተጻፈ አለመሆኑ ይገባናል።

ኢግናጥዮስ ይህን አካሄድ በሱባኤ ቤት ብቻ አልተወውም። በሮም ከዝሙት ሕይወት ለመውጣት የፈለጉ ሴቶች ይጠጉበት የነበረው ቤት የሚቀበለው መነኵሴ ለመሆን የሚስማሙትን ነበር። ኢግናጥዮስ በ1540ዎቹ ያቋቋመው የቅድስት ማርታ ቤት ግን ያገቡትንም ተቀበለ፤ ሴቶቹም ወደ ገዳም መግባትን፣ ማግባትን ወይም ወደ ባላቸው መመለስን ራሳቸው እንዲመርጡ ጊዜ ሰጣቸው።

በ1552 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 3ኛና ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ፣ የቀድሞው የጋንዲያ መስፍን አባ ፍራንቸስኮስ ቦርጂያ ካርዲናል እንዲሆን ፈለጉ። ኢግናጥዮስ ሦስት ቀን ጸልዮና አመዛዝኖ ሹመቱን መከላከል እንዳለበት እርግጠኛ ሆነ። ለቦርጂያ የጻፈው ደብዳቤ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ያው መንፈስ ቅዱስ እርሱን ወደ መከልከል፣ ሌሎቹን ደግሞ በሌላ ምክንያት ወደ መሾም ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ገለጸለት፣ አስተያየቱንም እንዲጽፍለት ጠየቀው። እርግጥ ነው፣ ኢግናጥዮስ ከማኅበሩ አባላት ጥብቅ መታዘዝን ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ከላይ ካየነው ጋር የሚጋጭ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እርሱ ግን አለቃው ከማዘዙ በፊት የታዛዡን ልብ መስማት፣ ታዛዡም ሐሳቡን በግልጽ መናገር እንዳለበት ያስተምር ነበር።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ በቅርብ የሚነካን ገጽ አለው። ኢግናጥዮስ ስለ አገራችን ብዙ ያስብ ነበር። በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፓትርያርክ ሆኖ ለተሾመው ለአባ ዮሐንስ ኑኜስ ባሬቶም ረጅም መመሪያ ሰጠው። መመሪያው የዘመኑን አስተሳሰብ የያዘ ነው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሮማ ሥርዓት መምጣት እንዳለባት አይጠራጠርም። ነገር ግን ሁሉ በገርነትና ቀስ በቀስ እንዲሆን፣ ሕዝቡ የለመደው በኃይል እንዳይነጠቅ አጥብቆ ያሳስባል። በመጨረሻም የተጻፈው ሁሉ ግዴታ እንዳይሆንበት፣ በቦታው የሚያየውን መዝኖ መንፈስ ቅዱስ እንዳሳየው እንዲሠራ ለፓትርያርኩ ነጻነት ሰጠው።

ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳያይ በጎዋ ሞተ። አባ አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ በ1557 ደርሶ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር በክርክር ተለያየ። ከዓመታት በኋላ በትዕግሥቱ የታወቀው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ አገኘ፤ ንጉሡም በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ኢግናጥዮስና ሳቬሪዮስ በሮም ቅዱሳን ተብለው ታወጁ። ነገር ግን በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ሥርዓት በዐዋጅ ለመለወጥ ተጣደፈ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሱስንዮስ ለሕዝቡ የቀደመ እምነቱን መለሱለት፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። የኢግናጥዮስ መመሪያ በዚያ ሁሉ ጊዜ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ነበር።

ኢግናጥዮስ ራሱ ይህን አላየም። በሮም በሦስት ትናንሽ ክፍሎች ተቀምጦ፣ በስሙ የተጻፉና ወደ 7000 የሚጠጉ ደብዳቤዎችን ወደ ዓለም ሁሉ እየላከ፣ በሆድ ሕመም እየተሠቃየ ኖረ። ሐምሌ 30 ቀን 1556 ከሰዓት በኋላ ጸሐፊውን አባ ፖላንኮን ጠርቶ ወደ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሄዶ ቡራኬ እንዲለምንለት፣ መሞቻውም እንደ ደረሰ ነገረው። ሐኪሞቹ ግን ሕመሙን እንደ አስጊ አላዩትም፤ ፖላንኮም በማግስቱ ወደ ስፔን የሚሄዱ ደብዳቤዎችን መጨረስ ነበረበት። ነገ ቢሆን ይሻል እንደ ሆነ ጠየቀው። ኢግናጥዮስ ዛሬ ቢሆን እንደሚመርጥ፣ ቢፈጥንም የተሻለ እንደ ሆነ መለሰለት፤ ሆኖም ፖላንኮ መልካም መስሎ የታየውን እንዲያደርግ፣ ራሱን ሙሉ በሙሉ በእጁ እንደሚተው ጨምሮ ነገረው። ፖላንኮ ደብዳቤዎቹን ጻፈ። በማግስቱ ማለዳ ሲገቡ በጣር ላይ አገኙት። ፖላንኮ ቡራኬውን ለመለመን ሮጦ ሄደ፤ ሲመለስም አባታችን ዐርፎ አገኘው።